የጠብታ ማሰሮ

ምድጃዋን ከመክፈቴ በፊት ዐይኔን ጨፍኜ ለአፍታ እቆማለሁ። ልጆቹ ልማዴን ስለሚያውቁ "ዝም በሉ፣ ቲቸር እየጸለየች ነው" ይባባላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ትልቅ ጸሎት አይደለም። "አምላኬ፣ አንዱም አይሰንጠቅብኝ" ነው የምለው። ሸክላ ማቃጠል ያስተማረኝ ሰው የለም። ትምህርት ቤቱ ያቺን ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ በስጦታ ሲያገኝ፣ የሥዕል ክፍሉ የእኔ ስለሆነ እሷም የእኔ ሆነች፤ የቀረውን እያበላሸሁ ተማርኩት።

የዚያን ሰኞ የወጡት ስምንት ማሰሮዎች ነበሩ። ስምንቱም ደህና። የመጨረሻውን ግን አንዴ አየሁና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኩት።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ከዕቃ ቤት ሽፋኑ የተገነጠለ የሥዕል መጽሐፍ አግኝቼ ነበር። የጥንት ግሪኮች በማሰሮ ሆድ ዙሪያ ታሪክ ይሥሉ ነበር፤ በቀዩ ሸክላ ላይ ጥቁር ሰው፣ ጥቁር ፈረስ፣ ጥቁር መርከብ። ጥቁሩን በሹል ነገር እየጫሩ ዐይኑን፣ ጣቱን፣ የልብሱን እጥፋት ያወጡታል። ወንዱን እንዳለ ጥቁር ይተዉታል፤ የሴቷን ፊትና እጅና እግር ግን በጥቁሩ ላይ ነጭ ይደርቡበታል። ይህን ለሦስተኛ ክፍል ልጆቼ ሳሳያቸው ክፍሉ ተናወጠ። "እኛም! እኛም!" እሺ አልኩ፤ ግን የማናውቀውን ጀግና አንሥልም፤ ሁሉም በግሪኮቹ አሣሣል በዐይኑ ያየውን ይሣል።

ሁለት ሕግ አወጣሁ። ማሰሮው እሳት አይቶ እስኪወጣ ማንም የማንንም አያይም። ሲወጣ ደግሞ ባለቤቱ ተነሥቶ ቀስ እያለ እያዞረ ይተርካል፤ ማሰሮው ዙሩን ሳይጨርስ ማንም አይጠይቅም፣ እኔም ጭምር። የመጀመሪያውን ሕግ ማስከበር ቀላል ነው፤ ቀለሙ ሳይቃጠል ሁሉም አመድ መሳይ ስለሆነ ምን እንደተሣለ እኔም ሳስገባው አለየውም። ሁለተኛውን ግን የምወደው እኔ ነኝ። ልጅ ካላቋረጡት የማይናገረው ነገር የለም።

ሰኞ ተራ በተራ ተነሡ። አንዱ የሠፈሩን ውሻ ኳስ ሰርቆ ሲሮጥ ሥሏል። አንዱ አውቶቡስ ሥሎ ተሳፋሪዎቹ መስኮት ላይ ተለጥፈዋል። ነገር ሁሉ ስለሚከራከር ጠበቃው የምንለው ልጅ አያቱን ሬድዮ ሆዳቸው ላይ አስቀምጠው ሲያንኮራፉ ነበር የሣለው። "ሬድዮውን ስናጠፋው ይነቃሉ" አለ እያዞረ፤ "ስናበራው ይተኛሉ። እኛ ነን የምናጠፋቸው።" ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ።

የጠብታ ተራ ደረሰ። ጠብታ ያላት ክፍሉ ነው፤ ከሁሉም ታንሳለችና። ማሰሮዋን ከግድግዳው መልሼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩላት። ትልቅ ጥቁር ሰው እጁን ሽቅብ አንሥቷል፤ የያዘው ዱላ ጫፉ ሰፋ ይላል። ከፊቱ ሁለት ጉንጉን ያላት ትንሽ ልጅ እጆቿን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ቁጢጥ ብላለች። ዞር ሲል ያችው ትንሽ ልጅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች።

ጠብታ አየችው። ጎንበስ ብላ ቀረብ አለችው፤ ከዚያ ሁለቱን እጆቿን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

"የእኔ አይደለም።"

"ከሥሩ ምልክትሽ አለበት እኮ፣ የኔ እናት።"

"የእኔ አይደለም አልኩ።"

"ቲቸር፣ ከካደች ማስረጃ ይቅረብ!" አለ ጠበቃው። ሣቁ። እሷ አልሣቀችም። ማሰሮውን አንሥቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፤ "የቀረው ሌላ ቀን" አልኩ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

እናቷ በሕፃንነቷ እንደሞተችባት አውቃለሁ። የምትኖረው ከአባቷ ጋር ብቻ ነው። አባቷ አናጺ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ቀደም ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። እስከዚያ ቀን ያንን ሰው ደህና አድርጌ አይቼው አላውቅም። ግዙፍ ነው፤ ቅንድቡ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ፤ ሰላምታው ራስ መነቅነቅ ብቻ። ልጅቷን የሚይዛት በጣቷ አይደለም፤ በእጅ አንጓዋ ነው። እንደ ዕቃ። ቀኑ ሙቀት ነው፣ እሷ ግን እጅጌዋ እስከ ጣቷ የሚደርስ ሹራብ ለብሳለች።

ሊሄድ ዞር አለና ተመለሰ። "መምህር፣ ማሰሮው ወጣ ይሆን?"

"የትኛው ማሰሮ?"

"የሷ። ወይ ትሥለዋለች ወይ ስለሱ ታወራለች፤ ሰሞኑን ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ላየው ነበር።"

"ገና ነው፤ አልወጣም" አልኩት።

ዐይን ዐይኔን ትንሽ አየኝ። ከዚያ ሄደ። ለምን ቸኮለ? አልኩ በልቤ። የትኛው አባት ነው የልጁን ማሰሮ ለማየት እንዲህ የሚጣደፈው? ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ የምትወስዳት አክስቷ ናት፤ የአባቷ ታላቅ እህት። ወንድሟ ከሥራ እስኪወጣ ጠብታ እሷ ቤት ትቆያለች። ንጹሕ፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ፣ ስታወራ ክንድ የምትነካ ሴት ናት። የዚያን ቀን ልጆቹ ሳይለቀቁ ቀድማ ስለመጣች እኔው ነኝ ወንበር ያቀረብኩላት።

"ልጅቷ ደህና ናት፣ እህቴ?" አልኳት።

"ምን ደህና ትሆናለች፣ እናት የሌላት ልጅ! እኔ ነኝ እንጂ የማጥባት የማበጥራት። ወንድሜ..." ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሐሜት አይሁንብኝ፣ ክፉ ነው አልልም። ግን እጁ ከባድ ነው። መዶሻ የለመደ እጅ። ዘግቶ ሲገባ ቤቱ ውስጥ የሚሆነውን አንድዬ ነው የሚያየው። እኔ ምን አውቄ።"

"መትቷት ያውቃል?"

"ኧረ እኔ አልወጣኝም!" አለችና ክንዴን ጨበጥ አደረገችኝ። "አንቺ አስተዋይ ስለሆንሽ ነው የነገርኩሽ።"

ሰው ለእኔ ማውራት ይወዳል። ተምሬ የያዝኩት ወረቀት የለም፤ ያለኝ ጆሮ ነው፤ በእሱም ኮርቼ ኖሬያለሁ። ያን ቀን ጆሮዬ ያልሰማው፣ እህት ስለ ወንድሟ ስትናገር ወንድም ስለ እህቱ አንድም ክፉ አለማለቱን ነው።

ሳልውል ሳላድር፣ ልጆቹ ከክፍል ሳይወጡ፣ ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ገባሁ። ማሰሮውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፤ አድርገው አዩት።

"በሥዕል ሰው አይጠረጠርም" አሉ።

"ሹራቧስ? በዚህ ሙቀት?"

የትምህርት ቤቱ ነርስ ጠብታን ጠርታ እጅጌዋን ገለጠች። የላይኛው ክንዷ ላይ ወደ ቢጫ የዞረ ሰንበር ነበር። "ወደቅኩ" አለች ጠብታ።

ርዕሰ መምህሯ ስልኩን አነሡ። የሕፃናት ጉዳይ ቢሮው ዓርብ ባለሙያ እልካለሁ አለ፤ ያን ቀን ወረቀት ይፈረምና ነገሩ እስኪጣራ ልጅቷ ከአባቷ ቤት ወጥታ ቅርብ ዘመድ ጋ ትቀመጣለች። ርዕሰ መምህሯ እጃቸውን ስልኩ አፍ ላይ አድርገው፣ "ዘመድ አለ ወይ?" ብለው ጠየቁኝ።

"አክስት አለች" አልኩ። "በጣም ጥሩ ሴት ናት።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በራሴ አፍ።

ረቡዕና ሐሙስ ሰውየውን በመስኮት ስጠብቀው ከረምኩ። ያደረገው ሁሉ ይመሰክርበት ነበር። ልጅቷን በሩ ላይ ሲሰናበት ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ሹክ ይላታል፤ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ምን እያስጠናት ነው? እላለሁ። አንድ ጊዜ ቀና ሲል በመስታወቱ ዐይን ለዐይን ተጋጨን፤ እኔ ነኝ ቀድሜ መጋረጃ የሳብኩት። ስጸልይም ስለ ልጅቷ ጀምሬ በሱ ነው የምጨርሰው፤ "አጋልጠው" እላለሁ።

ዓርብ ጠዋት ሁለተኛው ዙር ማሰሮ የሚወጣበት ቀን ነበር። ባለሙያዋ ከምሳ በፊት ትመጣለች፤ እስከዚያ ልጆቹ መጠበቅ የለባቸውም ብዬ ምድጃዋን ከፈትኩ። ዐይኔን ጨፈንኩ፣ ገለጥኩ፣ ማውጣት ጀመርኩ። በዚህኛው ዙር ብዙዎቹ እናቶቻቸውን ነበር የሣሉት። የመጀመሪያውን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ጩኸቱ ተጀመረ።

"ቲቸር! እማዬ ጠቆረች!"

"የኔም! ነጭ አድርጌያት ነበር እኮ!"

"የኔ ሙሽራ ወንድ ሆናለች! ሙሽራዋም ወንድ፣ ሙሽራውም ወንድ!"

"ጢም ብቻ ነው የቀራት" አለ ጠበቃው፤ "ቲቸር፣ ይህ ካሳ ያስጠይቃል።"

ጣቴን ምድጃዋ ወለል ላይ ሰደድኩት። ነጭ ዱቄት ይዞ ተመለሰ።

ጥቁሩ ቀለም ለሸክላ ተብሎ የተሠራ፣ ከሱቅ የተገዛ ነው። ነጩ አልቆብን ስለነበር ጠመኔ ወቅጬ በኮላ በጥብጬ የሠራሁት እኔ ነኝ። ኮላው እሳቱ ውስጥ ነደደ፤ ጠመኔው የሚይዘው ሲያጣ ረገፈ። ከሥሩ ጥቁሩ ብቻ ቀረ። በመጀመሪያው ዙር ውሻና አውቶቡስና አያት ስለነበሩ ማንም አላወቀም። ነጭ የነካው ማሰሮ አንድ ብቻ ነበር።

ልጆቹን እዚያው ትቼ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ማሰሮውን መስኮቱ ላይ አድርጌ ብርሃኑን በጎን አስመታሁት። የትልቁ ሰው ፊት ከልብሱ ይልቅ ደብዛዛ ነበር፤ በምስማር በተጫረው የዐይኑ መስመር ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት የምታክል ነጭ ተሰንቅራለች። ሴት ናት። ትንሿስ? ሁለት ጉንጉን ያላት ልጅ ጥቁር ሆና ስትወጣ ምነው አልጠየቅኩ? አራት ቀን ሙሉ አይቻታለሁ። ያልጠየቅኩት መልሱን ቀድሜ ስለያዝኩ ነው። ልጅቷም "የእኔ አይደለም" ያለችኝ ፈርታ አልነበረም፤ የሣለችውን ወስጄ ሌላ ነገር ስለመለስኩላት ነው።

ጫፉ ሰፋ ያለው ዱላ የአናጺ መዶሻ አልመስል አለኝ አሁን። ማማሰያ ነው። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ያለችው ሴት አንዲት ናት።

ማሰሮውን ታቅፌ ሮጥኩ። ርዕሰ መምህሯን ቢሮአቸው በር ላይ ደረስኩባቸው፤ በመስታወቱ ውስጥ ባለሙያዋ፣ አክስቲቱ፣ አናጺውና ጠብታ ተቀምጠው ይታያሉ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ተዘርግቷል።

"እመቤቴ፣ እንዳይፈረም። ሴት ናት።"

"ማን?"

"መቺዋ። ነጩ ወድቆ ነው። ጠመኔው..."

"ማክሰኞ ወንድ ነው አልሽ" አሉ ድምፃቸውን አፍነው። "ዛሬ ሴት ናት ትያለሽ። ሰኞ ደግሞ ፈረስ ነው ልትዪን ነው? የሰው ቤት አፍርሰን እኮ ነው እዚህ የደረስነው!"

ቃሌን ማክሰኞ ጨርሼዋለሁ። ብቻ፣ "እኔን አይስሙኝ" አልኳቸው፤ "ልጅቷ የወደቀውን ነጭ መልሳ ትቀባ። አንድም ነገር አልጠይቃትም። አጠገቧ ዘመድ ሳይኖር።"

በሩን ከፍተው ለባለሙያዋ በጆሮዋ ነገሯት። ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ እስክሪብቶዋን ክዳን አለበሰችው። "ሁለታችሁም ለትንሽ ደቂቃ ውጭ ጠብቁን" አለች።

አናጺው ወዲያው ተነሣ። ጠብታን ራሷን ዳሰስ አድርጎ ወጣ። አክስቲቱ ግን ተደላድላ ተቀመጠች።

"እኔስ ለምን? እኔ ተከሳሽ ነኝ እንዴ? ልጅቷ ያለ እኔ ትፈራለች።"

"አትፈራም" አለች ባለሙያዋ በትሕትና።

"እህቴ፣ አንቺ ንገሪያቸው እንጂ!" አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። እኔ ወለሉን አየሁ። የወጣችው ርዕሰ መምህሯ በሩን ይዘው ሲቆሙላት ነው፤ ከወጣችም በኋላ ድምፅዋ ከኮሪደሩ ይሰማ ነበር።

ከሱቅ የመጣ ነጭ ስላልነበረን የግድግዳ ቀለም ከጥበቃው ተውሼ በስኒ አመጣሁ። ማሰሮውን ጠብታ ፊት አስቀመጥኩ።

"የኔ እናት፣ ነጩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አበላሽቼው እሳት ውስጥ ረገፈ። ጥፋቱ የኔ ነው። የነበረበትን ቦታ መልሺልኝ። ከፈለግሽ ብቻ እያዞርሽ ትነግሪናለሽ። ሕጉን ታውቂያለሽ፤ እኛም እናከብራለን።"

ብሩሹን አልነካችም። እኔም በውስጤ ጸሎት ሞከርኩ፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ስጸልይ የነበረውን ሳስታውስ ተውኩት።

ከዚያ ብሩሹን አነሣች። የትልቋን ፊት ቀባች። ሁለቱን እጆች። የምላሷን ጫፍ ነክሳ፣ ከመስመር ሳትወጣ። ከዚያ ትንሿን። ማሰሮውን በሁለት ጣት ገፋ እያደረገች ማዞር ጀመረች፤ ለማሰሮው ነበር የምታወራው።

"ይሄ ማማሰያው ነው። ይቺ እኔ ነኝ፤ ወተቱን ጠብቂ ተብዬ ገነፈለብኝ። እዚህ ደግሞ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እቆጥራለሁ። ከተሳሳትኩ ከአንድ ነው። አንድ ቀን አምስት መቶ ደርሻለሁ።"

ባለሙያዋ አፏን ከፈተች፤ ጣቴን አነሣሁባት፤ ዘጋችው።

"አባዬ ሲያንኳኳ መቁጠር ይቆማል። ለአባዬ ከተነገረ እሱ አክስቴን ይቀየማትና ማን ይጠብቀኛል? ሥራ ይተዋል። ሥራ ከተወ ደግሞ ቤት የለንም።" ማሰሮው ዙሩን ጨረሰ። "አለቀ።"

ወረቀቱ አልተፈረመም። ባለሙያዋ ቀድዳ አልጣለችውም፤ አጥፋ ፋይሏ ውስጥ ከተተችው፤ እንደ እኔ በአንድ ቀን የምትፈርድ ሴት አልነበረችም። ጠብታ ከአባቷ ቤት እንደማትወጣ፣ አክስቷ ቤት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደማትሄድ፣ እሷም ሁለቱንም ቤት ደጋግማ እንደምታይ ተናገረች። አክስቲቱ ነገሩን ስትሰማ አልካደችም። የገረመኝ እሱ ነው።

"እና?" አለች ፊቷ ቀልቶ። "እኛስ እንዴት አደግን? ሰው እንድትሆን ነው! ስድስት ዓመት ሙሉ ያለ ምስጋና! ማን ሊይዝልህ ነው ታዲያ?" አለችው ወንድሟን።

አናጺው ጠብታ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ እጅጌዋን ቀስ አድርጎ ሰበሰበው። ሰንበሩን አየው። "ወደቅኩ ያልሽኝ ይሄን ነው?" አላት። ራሷን ነቀነቀች። አንጓዋን ያዘ፤ አሁን ከቅርብ ሳየው የመዳፉ ቆዳ እንደ እንጨት መፋቂያ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ነበር፤ በአንጓዋ የሚይዛት መዳፏን እንዳይፍቀው ይሆናል አልኩ። ይሆናል። አላውቅም። ስለዚያ ሰው እርግጠኛ ሆኜ መናገር ትቻለሁ።

ሌሎቹ ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ።

"መምህር፣ ማክሰኞ ገና ነው አሉኝ።"

"አዎ።"

"ወጥቶ ነበር።"

"ወጥቶ ነበር። እርስዎን ጠርጥሬ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ይቅርታውን አልሰጠኝም፤ አልነሣኝምም። "ማክሰኞ ቢያሳዩኝ ማማሰያውን አውቀው ነበር" አለ። "ለእህቴ የሠራሁላት እኔ ነኝ።"

ከሥራ እስኪወጣ ልጅቷ የሥዕል ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ጋር ብትቆይ አልኩት፤ እኔም ቤት የሚጠብቀኝ የለም፣ ክፍሉን ዘግቼ የምሄደው ዘግይቼ ነው። እስከዚያ ድረስ ከተያየንበት ሁሉ ረዘም አድርጎ አየኝ። መርማሪ ዐይን ነበር፤ እኔ በመስኮቱ ያየሁት ዐይን።

"በሩ ክፍት ይሁን" አለ።

"ክፍት ይሆናል።"

"መጋረጃውም።"

"መጋረጃውም።"

ይኸው ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። ከሥራ የሚወጣበትን ሰዓት ነግሮኛል፤ በዚያ ሰዓት መጥቶ አያውቅም። አንዳንዴ ቀድሞ በአጥሩ በኩል፣ አንዳንዴ የምሳ ዕረፍቱን ቆርሶ፣ ሳይጠራና ሳያንኳኳ ይመጣል። ይጠርጥረኝ። ልጁ ናት፤ እኔም ያደረግኩትን አውቃለሁ። ዛሬ ጠብታ ጭቃ እየደፈጠጠች ሳለ የበሩ ብርሃን ጨለም ሲል ሳልዞር አወቅኩት። ለልጅቷ እየነገርኳት የነበረውን ነገር አላቋረጥኩም። ሁለቱን እጆቼን ብቻ አንሥቼ፣ እንዲያያቸው ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው።